የደም ውጤት ደህና ሆኖ የሐሞት ከረጢት ብግነት ሊኖር ይችላል?

ጥያቄ፦
የ71 ዓመት እናቴ ትናንት ሌሊት ከቀኝ ጎድናቸው ሥር የጀመራቸው ሕመም እስከ ትከሻቸው እየወጣ፣ እያስመለሳቸውም እንቅልፍ ስለነሳቸው፣ ሕመሙ በጀመራቸው በአራተኛው ሰዓት ገደማ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰድናቸው። ትኩሳት የላቸውም። ነጭ የደም ሕዋሳቸው 9,400፣ ሲአርፒ የሚባለው የብግነት መለኪያ ደግሞ 12 መሆኑን ሳይ እፎይ ብዬ ነበር፤ ሐኪሙ ግን አጣዳፊ የሐሞት ከረጢት ብግነት እንደሚጠረጥሩ ነግረውን ተኝተው እንዲቆዩ አዘዙ። ታዲያ ጥርጣሬው ከየት መጣ? ይህን በሽታ ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራስ የለም?

መልስ፣ ከቀዶ ሕክምና ሐኪም፦
ከመጨረሻው ልጀምርና፣ የለም። የነጭ የደም ሕዋስ መብዛትም ሆነ የሲአርፒ መጨመር ብግነት መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አይናገሩም፤ የሳንባ ምች ወይም የትርፍ አንጀት ሕመም የያዘው ሰውም ያንኑ ውጤት ይዞ ይመጣል። ሐኪሞች ይህን በሽታ ለመለየት የሚጠቀሙበት የ2018ቱ የቶኪዮ መመሪያ በሽታው ተረጋገጠ ለማለት በሆድ ምርመራ የሚገኝ ምልክት፣ ትኩሳት ወይም የደም ለውጥ፣ እንዲሁም የአልትራሳውንድ ወይም የሌላ ምስል ማስረጃ አንድ ላይ እንዲገኙ ይጠይቃል። በዚህ መለኪያ የእናትዎ ውጤት ገና አይሞላም፤ ይሁን እንጂ መመሪያ የሐኪምን እጅ አይተካም። ሐኪሙ ከቀኝ ጎድናቸው ሥር ተጭነው በረጅሙ እንዲተነፍሱ ሲጠይቋቸው ትንፋሻቸው መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ከሆነ፣ እኔም ብሆን ወደ ቤት አልመልሳቸውም። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ትኩሳቱም ነጭ የደም ሕዋሱም ላይጨምር ይችላልና።

መልስ፣ ከላቦራቶሪ ባለሙያ፦
ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ትልቅ ነገር ነው። ሲአርፒን የሚያመርተው ጉበት ሲሆን፣ ብግነት ከጀመረ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ መጨመር ይጀምርና ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ወደ 48ኛው ሰዓት አካባቢ ነው፤ በአራተኛው ሰዓት የተቀዳ ደም ስለዚህ ብዙ አያጽናናም። መለኪያውንም ይመልከቱ፤ መመሪያው የሚጠቅሰው 3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን፣ ይህ በሊትር ለሚጽፍ ላቦራቶሪ 30 ማለት ነው። የእናትዎ 12 በሊትር ከሆነ ከወሰኑ በታች ነው፤ በዴሲሊትር ከሆነ ግን አራት እጥፍ መሆኑ ነው። በዚህ ስንት ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ።

መልስ፣ ከውስጥ ደዌ ሐኪም፦
የሐሞት ፍሰት መታገዱን የሚጠቁሙት የደም ምርመራዎች፣ ቢሊሩቢንና አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ ተሠርተው እንደሆነም ይጠይቁ። እነዚህ ከፍ ካሉ ጠጠር ወደ ዋናው የሐሞት ቱቦ ወርዶ እንዳይሆን ያሰጋል፤ ሊፔዝ የሚባለው የቆሽት ኢንዛይም ከጤናማው ጣሪያ ሦስት እጥፍ ካለፈ ደግሞ ቆሽት መቆጣቱ ይታሰባል። ክሪያቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) እና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ሕዋሳት) የሚታዩት በሽታውን ለመለየት ሳይሆን ክብደቱን ለመመዘን ነው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወረቀቱን ደግሜ ሳየው መለኪያው በሊትር ነው። ዛሬ ጠዋት በድጋሚ ሲቀዳ ሲአርፒው 94፣ ነጭ የደም ሕዋሱ 12,800 ሆኗል፤ ቢሊሩቢንና ሊፔዝ ደህና ናቸው። በአልትራሳውንድ የከረጢቱ ግድግዳ 6 ሚሊሜትር ወፍሮ፣ አንገቱ ላይም ጠጠር ተሰንቅሮ ታይቷል፤ ባለሙያው መሣሪያውን እዚያው ላይ ጫን ሲያደርጉት እናቴ እጃቸውን ይዘው ገፉባቸው። አንቲባዮቲክ ተጀምሮላቸዋል፤ ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል።