መሀል ከተማ ያሉ የወጣት ማዕከላት ነዋሪውን ተከትለው ይውጡ?

የመነን ሰፈር ልጅ፦
ሰሞኑን በመካከላችን ተደጋግሞ የሚነሳ ሐሳብ አለ። እዚህ አዲስ አበባ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ገላን ጉራና ወደ ቦሌ አራብሳ ሄዷል፤ ስለዚህ መሀል ከተማ የቀሩት የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከላትና የስፖርት ሜዳዎችም ሰዉን ተከትለው ይውጡ የሚል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። እኔ ግን እቃወመዋለሁ።

መሀል ከተማ ያለ ማዕከል የአጥሩ ጎረቤቶች ብቻ አይደለም። ከአስኮ የመጣ የሱቅ ሠራተኛ፣ ከሽሮ ሜዳ የወረደ ሸማኔ፣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ታክሲ እስኪቀልለት የሚጠብቅ ተማሪ ይጠቀምበታል። የአስኮ ልጅ አራብሳ ልሂድ ቢል መጀመሪያ የሚደርሰው ፒያሳ ነው፤ ከዚያ መገናኛ፣ ከዚያ ሌላ ሰልፍ። ዛሬ ከሚገለገልበት በር ፊት አልፎ ሌላ ግማሽ ከተማ አቋርጦ ጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወት ነው የምትሉት? አይሄድም። እቤቱ ይቀራል፤ ወይም ደግሞ ጫት ቤት፣ እሱ ሁልጊዜ ቅርብ ነውና።

የኮዬ ፈጬ ነዋሪ፦
ወንድሜ፣ የአስኮውን ልጅ መንገድ በደንብ ቆጠርክለት። የእኔን ልጆች መንገድ ማን ይቁጠርላቸው? ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ኳስ የሚጫወቱት በሁለት ብሎኮች መካከል፣ በቆሙ መኪናዎች መሀል ነው። መስታወት በተሰበረ ቁጥር ሽማግሌ እንቀመጣለን። እዚህ ከተማ ዳር በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሰፈረው ሕዝብ አንድ ትልቅ የክልል ከተማ ያክላል፤ አንድ ሻወር ያለው፣ መብራት ያለው ማዕከል ግን አላየንም። እናንተ ጋ ማዕከል አለ፣ ሜዳ አለ፣ አሁን ደግሞ በኮሪደሩ ዳር ሰው ሠራሽ ሳር የለበሱ ትንንሽ ሜዳዎች ተጨምረዋል። ላለው ይጨመርለታል እንደተባለው ሆነ። ከእናንተ አንዱ ወደ እኛ ቢመጣ ምን ይጎዳል?

የቀድሞ አሠልጣኝ፦
ልጄ፣ ቅሬታህ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ይህ አይደለም። «ቢዛወር ምን ይጎዳል» የሚለውን በጃንሜዳ አይተነዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአትክልት ተራ ገበያ ለጊዜው ተብሎ ጃንሜዳ ገባ። ማንም አልተቃወመም፤ እኔም አልተቃወምኩም፣ ወረርሽኝ ነበር። ክረምቱ ግን መጣ። የአገር አቋራጭ ውድድር የሚሮጥበት ሣር በጭነት መኪና ጎማ ታረሰ፣ የበሰበሰ ቲማቲምና ጎመን ተከመረበት። ማለዳ ስፖርት የሚሠሩት ልጆች ተበተኑ። ጉልበት ያለው እንጦጦ ወጣ፣ አንዳንዱ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ሄደ፣ የቀረው ስፖርቱን ተወው። እነዚያን የተዉትን ማንም አልመዘገባቸውም።

ሜዳው የተመለሰው ለምን ይመስላችኋል? ለስፖርቱ ተብሎ አይደለም። የ2013 ጥምቀት ደረሰ። በዓሉ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2012 መሆኑን አስታውሱ፤ ገበያው በገባበት በዚያው ዓመት። ታቦታቱ የሚያድሩበት ቦታ ያስፈልግ ነበርና ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወጣ፣ በጎ ፈቃደኞች አካፋና መጥረጊያ ይዘው አጸዱት። አሁን ስለ ወጣት ማዕከሉ ልጠይቃችሁ፦ ታቦት የማያድርበት ግቢ አንዴ ከተነካ ማን ይከራከርለታል?

የሒሳብ ሠራተኛ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ጃንሜዳን በወረርሽኝ ጊዜ የገጠመውን ይዘን ስለታቀደ ዝውውር መፍረድ ይከብዳል። እኔ በቁጥር ላስብ። መሀል ከተማ ያለ ቦታ በሊዝ ቢተላለፍ የሚያስገኘው ገንዘብ ዳር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ማዕከል ያሠራል። ከተማው ገንዘብ የለውም፤ መሬት ነው ያለው። ለስሜታችን ስንል ውድ መሬት ላይ የፑል ጠረጴዛ ማስቀመጥ ለኮዬ ፈጬው ወንድማችን ልጆች ምን ይፈይዳል?

የመነን ሰፈር ልጅ፦
ስሌቱ ወረቀት ላይ ያምራል። የሊዙ ገንዘብ ግን የሚገባው ወደ አንድ ካዝና ነው፤ መንገድም፣ ደመወዝም፣ የውሃ ቱቦም ከዚያው ይጠብቃሉ። «ይህ ብር ለማዕከሉ ብቻ» ብሎ የሚያስር ነገር ከሌለ ሦስቱ ማዕከላት ሁለት ይሆናሉ፣ ሁለቱ አንድ፣ አንዱም «በቀጣዩ በጀት ዓመት»። መሬቱ ግን የሄደው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ሕንፃ ከቆመበት በኋላ በእኛ ዕድሜ አይመለስም።

አሮጌው ሳይሠራ አዲሱም ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚመስል ደግሞ በኳሱ እናውቃለን። አዲስ አበባ ስታዲየም ሦስት የአፍሪካ ዋንጫ አስተናግዷል፤ መስፈርት አላሟላም ተብሎ ታገደ። አደይ አበባ ስታዲየም ገና በግንባታ ላይ ነበር። ዋሊያዎቹ በ2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት «በሜዳቸው» ነው፤ ሜዳቸው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር። ብሔራዊ ቡድን አውሮፕላን ይሳፈራል። የሰፈር ቡድን ምን ይሳፈር?

የቴኳንዶ ተማሪ እናት፦
ወንዶቹ ስለ ሜዳና ስለ ሊዝ ሲነጋገሩ ስለ ሴት ልጆች የተናገረ የለም። ልጄ መሀል ከተማ ባለ ማዕከል ቴኳንዶ ትሠራለች። የፈቀድኩላት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ስትወጣ መንገዱ መብራት ስላለው፣ ሰው ስለማይጠፋበት፣ ታክሲም ስለምታገኝ ነው። ገና ባልተሠራ ሰፈር ጥግ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት አስቀራት ነበር። ስለዚህ እንዲወጣ አልፈልግም።

ነገር ግን ማዕከሉንም አታሞካሹት። ትልቁ አዳራሽ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ኳስ በክፍያ የሚታይበት ነው፤ ካልሆነም ለሠርግ ይከራያል። ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ የሚጠይቅ የለም፣ ፑሉ ግን አይዘጋም። የሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ከርሟል። «ማን ይጠቀምበታል?» ብለው የሚያዛውሩት እኮ እንዲህ ባዶ ካደረጉት በኋላ ነው።

የኮዬ ፈጬ ነዋሪ፦
እህቴ፣ ይህ አሳመነኝ ማለት ባልችልም የተናገርሽው የእኛም ችግር ነው። የመነኑ ወንድሜ ግን አንድ ነገር አልመለሰልኝም። «አታዛውሩ» ብሎ መከራከር ቀላል ነው። እኛ ጋ እስኪሠራ ስንት ዓመት እንጠብቅ?

የመነን ሰፈር ልጅ፦
እንድትጠብቅ አልፈልግም። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ሲታቀዱ ለየተወሰነ ብሎክ ኮሚናል ተሠርቷል፤ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበዓል ዕርድ፣ ለለቅሶና ለስብሰባ የታሰበ ነው። ሲሚንቶው ፈስሷል፣ ጣሪያው አለ። የእናንተ ብሎክ ኮሚናል ዛሬ በማን እጅ ነው?

የኮዬ ፈጬ ነዋሪ፦
የእኛው ኮሚቴ ለአንድ ነጋዴ አከራይቶታል። የቀለምና የብረት መጋዘን ነው። ኪራዩ ለጥበቃ ደመወዝ ይውላል ይባላል፤ ሒሳቡን ያየሁት ግን የለም።

የሒሳብ ሠራተኛ፦
ውሉን ማግኘት ከቻልክ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። የኪራይ ዘመኑ መቼ እንደሚያበቃና ጠቅላላ ጉባኤው አጽድቆት እንደሆነ አየዋለሁ። በሊዙ ጉዳይ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

የቀድሞ አሠልጣኝ፦
መጋዘኑ ከተለቀቀ ወለሉን መጥቼ አየዋለሁ። ለቴኳንዶና ለቦክስ ብዙ ስፋት አያስፈልግም። ጣሪያው ዝቅ ካለ ለመረብ ኳስ አይሆንም፤ ያንን አስቀድሜ ልንገራችሁ።