የዛር ከበሮ ህክምና ነበር እንዴ?

የቀበሌ03ልጅ፦ ሰላም ወገን አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጅ ሆኜ ጎንደር አያቴ ጋ ስንከርም ጎረቤት አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ ስንት ጊዜ ሙሉ ካልጋ አትነሳም እህልም አትቀምስ፣ ከዛ አንድ ማታ እጣን አጭሰው ከበሮ እየመቱ ሴቶቹ ከበው ሲያጨበጭቡ መጀመሪያ ትከሻዋ ብቻ ነቅነቅ አለ፣ ቆይቶ ጸጉሯ መሬት እስኪጠርግ። ጠዋት ቡና ስትቆላ አየኋት! ሙዚቃው ነው ያዳናት ወይስ ምንድነው?

ሰብለ፦ ያየኸው ዛር ነው፣ ሰው ላይ ያድራል የሚባል መንፈስ። ዛር እኮ አይወጣም፣ ይታረቃል እንጂ። ከበሮው የሚመታው ሊያባርሩት ሳይሆን ሊጠሩት ነው። ዛሩ ሁሉ የየራሱ ዘፈን አለው፣ ስለዚህ አንዱን ይሞክሩና እምቢ ሲል ሌላውን፣ የበሽተኛዋ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ያኔ ተገኘ ማለት ነው። ከዛ ስሙን ይጠየቃል፣ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ጌጥ በሉት ዶሮ በሉት። እሷ "ፈረሱ" ነች፣ ዛሩ ይጋልባታል ማለት ነው። ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር አንዲት ባለዛር ቤት ወራት እየተመላለሰ ይሄን ሁሉ ጽፎታል። እኔን የሚያስቀኝ ባሏ ፊት ቀና ብላ የማታወራ ሴት በዛሩ አፍ ቀለበት አምጣ ስትል ባልየው እሺ ጌታዬ ነው የሚለው 😂

አክሱማይ፦ ትግራይም ነበር። ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1800ዎቹ መጀመሪያ እዛ ሲኖር የገዛ ሚስቱን እንዲህ ያለው በሽታ ይዟት ነበር። መለከትና ከበሮ የሚመቱ ቀጥረው፣ መጠጥ ገዝተው፣ በሽተኛዋን በብር ጌጥ አሸብርቀው ነው የሚያስጨፍሯት። በሽታው ካከሳት ሴት ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ ገርሞት ጽፏል።

ዲያቆኑ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና ዛር ቤተክርስቲያን የምታወግዘው ነገር ነው፣ ህክምና አትበሉት። ዜማ ከፈለጋችሁ በገና አለላችሁ። ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና ሲደረድርለት ነው ያረፈው (1ኛ ሳሙ. 16፥23)። በአስሩ አውታር በእያንዳንዱ ስር እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ አለች፣ ያ ንዝዝ የሚለው ድምጽ ከሷ ነው። አባቴ ደሙ ከፍ ሲል ክኒኑን ውጦ በገና ይከፍታል፣ ሁለቱንም ማለቴ ነው ክኒኑን አትተዉ።

ሰብለ፦ ዲያቆን እሱስ ልክ ነህ፣ ግን ያኔ ጎንደር ላይ ያቺን ሴትዮ ማን ሰብሰብ ብሎ ያድርላት ነበር?

የቀበሌ03ልጅ፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አሁን እናቴ ጋ ደውዬ ያን ማታ ከበሮ ስትመታ የነበረችው ማን ናት ስላት "አያትህ ናታ" አትለኝም! ዘፈኑን እስቲ በይልኝ ብላት በስልክ አይባልም ብላ ዘጋችብኝ።