ወንድሜ በአመድ እየመጣ ነው፤ እናቴን ምን ልበላት?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከደሴ ነው። ታላቅ ወንድሜ በቅርቡ ጀርመን አገር አረፈ። ባለቤቱ የዚያው አገር ሰው ናት፤ ካቶሊክ። አስከሬኑን አስቃጠለችው። ክፋት አስባ አይደለም፤ በካቶሊኮች ዘንድ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ተፈቅዷል። አመዱ ግን መበተን የለበትም፣ ቤትም አይቀመጥም። ስለዚህ "አገሩ ይቀበር" ብላ ልትልከው ነው።

እናቴ የምታውቀው "አስከሬኑ ይመጣል" የሚለውን ብቻ ነው። የእድሩ ዳኛ ድንኳኑ መቼ ይተከል ይሉኛል። ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ "ጉድጓዱን የኛ ልጆች ይቆፍሩታል" አሉኝ። የምን ያህል ጉድጓድ ልበላቸው? አፌ ተሳሰረ።

ወንድሜ ኦርቶዶክስ ነው። በእኛ ሥርዓት ሰው ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርጎለት አፈር ይገባል እንጂ አይቃጠልም። መጽሐፉን ሳገላብጥ ግን 1ኛ ሳሙኤል 31 ላይ የኢያቢስ ሰዎች የሳኦልን ሬሳ አቃጥለው አጥንቱን ቀበሩ ይላል። ትንሽ ተጽናናሁ።

እንዲህ የገጠማችሁ አላችሁ? በአመድ ላይ ፍትሐት ይደረጋል? መጀመሪያ ለንስሐ አባታችን ልንገር ወይስ ለእናቴ? እሷ ፊቱን ገልጣ ልታየው እየጠበቀች ነው። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ ዕቃው ሐሙስ ይደርሳል።