«ክፍለ ጊዜው ያው ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ጠመኔ፦ አንድ የትምህርት ባለሙያ «አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መምህሩ ላይ የጨመረው ነገር የለም፤ ክፍለ ጊዜው ያው ነው፤ ተጨማሪ ክፍያ የሚያስጠይቅ አይደለም» ማለታቸውን ሰማችሁ? በጣም ነው ያናደደኝ። የመምህር ሥራ ከደወል እስከ ደወል ብቻ ነው ያለው ማነው? የዜግነት ትምህርት በሳምንት 2 ክፍለ ጊዜ ነው እንበል። 24 ክፍለ ጊዜ ለመሙላት 12 ሴክሽን መያዝ ግድ ነው። በሴክሽን 60 ተማሪ ቢኖር 720 ወረቀት ነው። በወረቀት 2 ደቂቃ ያዙ፤ አንዷን አጭር ፈተና ለማረም ብቻ 24 ሰዓት! በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ያለው መምህር ግን በ5 ሴክሽን፣ በ300 ተማሪ 25 ሎድ (የሳምንት የክፍለ ጊዜ ድርሻ) ይሞላል። ሁለቱም «ያው» ናቸው?

ባለ በጀቱ፦ ወንድሜ፣ የሴክሽን መበላለጥ ሥርዓተ ትምህርቱ ያመጣው አይደለም። ተከታታይ ምዘናም በ1986ቱ ፖሊሲ የነበረ ነው። ደመወዝም በመስከረም 2018 ተሻሽሏል፤ የመንግሥት ሠራተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ 11,500 ብር ገብቷል። ክፍለ ጊዜው ያው ከሆነ በምን መለኪያ ነው የሚከፈለው?

ጠመኔ፦ 11,500ውን እስቲ አብረን እንቁረጠው። ግብሩ 2,100፣ ጡረታው በ7 በመቶ 805። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595 ነው። ደግሞ ያ ጭማሪ ለሁሉም ሠራተኛ የመጣ የኑሮ ማስተካከያ ነው። ለተጨመረ ሥራ የተከፈለ ሳንቲም አታሳዩኝም።

ስድስተኛ «ለ»፦ የተጨመረውን ልንገራችሁ። መጽሐፉ ሲለወጥ ዓመታዊ ዕቅዱ፣ ዕለታዊ ዕቅዱ፣ ኖቱ፣ የፈተና ጥያቄው ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል። የአሥር ዓመት ዝግጅት በአንድ ክረምት ዋጋ አጣ። መጽሐፉ ደግሞ ብዙ ቦታ በፒዲኤፍ ነው የደረሰው። መጽሐፍ በሌለበት ክፍል መምህሩ ጽሑፉን ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ ከ40ው ደቂቃ 15ቱ እዚያ ያልቃል። ያላለቀውን ይዘት ለማካካስ ቅዳሜ ይገባል። ቅዳሜዋ ሎድ ላይ የለችም።

ወላጅ፦ ፒዲኤፉን ልጆቹ በስልክ ቢያነቡትስ?

ስድስተኛ «ለ»፦ እህቴ፣ ስልክ ይዞ መግባት የተከለከለበት ትምህርት ቤት ሞልቷል። ስልክ የሌለው ልጅስ? 60 ልጅ ባለበት ክፍል አንድ የታተመ መጽሐፍ ለአምስት ቢደርስ እንኳ ይሻላል።

ወላጅ፦ እኛ ለፎቶ ኮፒ እያወጣን ነው እኮ። ቅዳሜ «ማካካሻ» ተብሎ የሚጠየቀውም ብር አለ።

ጠመኔ፦ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። መንግሥት ስላልከፈለ ወላጅ ይክፈል ያለ የለም፣ አታደባልቁት።

ባለ በጀቱ፦ አደባልቃለሁ፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። የመምህር ደመወዝ ከወረዳ በጀት ነው የሚወጣው፤ ብዙ ወረዳ ላይ ደሞ ከደመወዝ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የሴክሽን ቁጥር የሚታወቀው መስከረም ላይ ምዝገባ ሲያልቅ ነው። በጀት ያልተያዘለት ሥራ ይከፈል ብትሉ ውዝፍ ይሆንና ሰኔ ላይ ይዘጋል። ይሄን ሳትፈቱ ክፈሉ ማለት ለመምህሩ የማይደርስ ተስፋ መስጠት ነው።

ስድስተኛ «ለ»፦ ይሄ እውነተኛ ነጥብ ነው፣ አልክድም። ግን ያለፈው ዓመት ሮስተር (የተማሪዎች ስምና ውጤት መዝገብ) እኮ ሰኔ ላይ በእጅ ነው። በሱ ላይ ተመሥርቶ ለትርፍ ሴክሽን በጀት ይያዝ፣ ጥቅምት ላይ በትክክለኛው ቁጥር ይስተካከል። ዩኒቨርሲቲዎች የትርፍ ሎድ ክፍያ አላቸው፤ ነርስ የተረኝነት ይከፈላታል። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ብቻ ነው በደወል የሚቆጠረው?

ባለ በጀቱ፦ በተማሪ ቁጥር ይከፈል ካልን ያቋረጠ ልጅ ሁሉ ሮስተር ላይ ይቀራል። ማን ያጣራል?

ጠመኔ፦ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ማርክ ሊስት ያጣራል። ያልተፈተነ ልጅ ውጤት የለውም፣ ያልታረመ ወረቀትም አይከፈልበትም።

ባለ በጀቱ፦ ማርክ ሊስቱን የሚሞላው ማነው? ራሱ ተከፋዩ መምህር።

ጠመኔ፦ እና አሁን ለልጆቻችሁ ውጤት የምታምኑት ማርክ ሊስት ለክፍያ ሲሆን የሚጠረጠረው ለምንድን ነው?

ወላጅ፦ የቅዳሜውን ብር የመለሰልኝ ግን የለም።