የወር አበባዬ ቀኑ ይለዋወጣል፤ እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ በምን ልወቅ?

ጠያቂ፣ ደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ልጅ ለመውለድ እየሞከርን ነው። ሰው ሁሉ «14ኛውን ቀን ጠብቂ» ይለኛል፤ የኔ ግን አንዳንዴ በ27 ቀን ይመጣል፣ አንዳንዴ እስከ 34 ይዘገያል። ከፋርማሲ የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ገዝቻለሁ፤ መቼ እንደምጀምር ግራ ገባኝ። ደግሞ መሀል ላይ ከእምብርቴ በታች በአንድ ጎን ይወጋኛል። የምታውቁ በዝርዝር አስረዱኝ።

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ
እህቴ፣ 14ቱን ቀን መቁጠር ያለብሽ ከሚቀጥለው የወር አበባ ወደ ኋላ ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ በአብዛኛው ከ12 እስከ 14 ቀን ነው፤ ብዙም አይለዋወጥም። የሚረዝመውና የሚያጥረው ከዚያ በፊት ያለው፣ እንቁላሉ ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻው) ውስጥ የሚበስልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በ27 ቀን ሲመጣብሽ እንቁላሉ የወጣው 13ኛው ቀን አካባቢ ነው፤ በ34 ሲመጣብሽ ደግሞ 20ኛው አካባቢ።

የወጣ እንቁላል የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። የወንድ ዘር ግን ማህጸን ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። በረጅሙ ወር 14ኛው ቀን ላይ ብቻ ከተገናኛችሁ እንቁላሉ ሳይወጣ ዘሩ ያልቃል። ለአንቺ የሚሻለው ከ8ኛው እስከ 21ኛው ቀን በየሁለት ቀኑ መገናኘት ነው። አንደኛው ቀን የሚባለው ደሙ በደንብ መፍሰስ የጀመረበት ቀን ነው፤ ጠብ ጠብ ያለው አይቆጠርም።

በእኛ አቆጣጠር ማስላቱ ቀላል ነው፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው። ጥቅምት 5 መጥቶ ኅዳር 3 ከመጣ 28 ቀን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጳጉሜን ላይ ነው። ነሐሴ 20 መጥቶ መስከረም 15 ቢመጣ 25 ቀን ይመስላል፤ ጳጉሜን 5 ስትጨመር ግን 30 ነው። 6 በምትሆንበት ዓመት 31።

ከቁጥሩ በላይ የማምነው ከብልት የሚወጣውን ፈሳሽ ነው። ሽንት ቤት ስትገቢ በሶፍት ጠርገሽ በሁለት ጣትሽ መሀል ሳቢው። ነጣ ብሎ የሚቆራረጥ ከሆነ ገና ነው። እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል ጠርቶ፣ አንሸራቶ፣ ሳይበጠስ ከተሳበ ኢስትሮጅን (እንቁላሉ ሲበስል የሚጨምረው ሆርሞን) ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ለመፀነስ የተመቸው ጊዜ ይኸው ነው። በሳሙና ውስጥን መታጠብ ይህን ፈሳሽ ያበላሸዋል፤ ተይው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ወልድያ
ስለ ስትሪፑ ልጨምር። ከአጭሩ ዙርሽ (ከአንዱ የወር አበባ እስከ ሌላው ካለው፣ ካንቺ 27 ቀን) 17 ቀንሺ፤ ከ10ኛው ቀን ጀምረሽ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መርምሪ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ ስትሪፑ የሚፈልገው፣ እንቁላሉን የሚያስወጣው ኤልኤች የሚባለው ሆርሞን ብዙ ጊዜ ማለዳ ደም ውስጥ ከፍ ይልና ሽንት ላይ የሚታየው ቆይቶ ነው። ከምርመራው በፊት 2 ሰዓት ያህል ብዙ ውኃ አትጠጪ። የመመርመሪያው መስመር ከመቆጣጠሪያው (ስትሪፑ መሥራቱን ከሚያሳየው መስመር) እኩል ወይም የበለጠ ካልደመቀ ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ የደበዘዘ መስመር አይተው ፖዘቲቭ ይላሉ። ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ካለፈ በኋላም አታንብቢው።

ፖዘቲቭ ካየሽ እንቁላሉ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይወጣል ተብሎ ይጠበቃል። መውጣቱን ግን ስትሪፑ አያረጋግጥም። ኦቫሪያቸው ላይ ብዙ ትንንሽ ከረጢት ያላቸው (ፒሲኦኤስ) ሴቶች ኤልኤቻቸው ሁልጊዜ ከፍ ሊል ስለሚችል ስትሪፑ በተደጋጋሚ ያሳስታቸዋል። የሚያረጋግጠው የፕሮጄስትሮን (እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚጨምረው ሆርሞን) የደም ምርመራ ነው። «21ኛው ቀን» ተብሎ የሚታዘዘው ዙሩ 28 ለሆነ ሴት ነው፤ አንቺ ስትሪፑ ፖዘቲቭ ካለ ከ7 ቀን በኋላ ስጪ። ከ3 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ እንቁላል ወጥቷል።

ባልሽም ይመርመር፤ ምክንያቱ ከወንድ በኩል የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከ2 እስከ 7 ቀን ሳይገናኝ ቆይቶ የዘር ናሙና ይስጥ። ናሙናውን ቤት ከሰጠ በደሴ ብርድ በእጅ ይዞ አይሂድ፤ ልብሱ ውስጥ ሰውነቱ ጋ አስጠግቶ በ1 ሰዓት ውስጥ ያድርሰው።

ጠያቂ፣ ደሴ
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ሲስተር፣ የሰውነት ሙቀት መለካትስ ይጠቅማል? ረመዳን ላይ ለሱሁር ስነሳ እንዴት ላድርግ? ውጋቱስ?

አዋላጅ ነርስ፣ ኮምቦልቻ
ይጠቅማል፤ ግን የሚነግርሽ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ነው። ፕሮጄስትሮን ሙቀቱን ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ከፊተኞቹ 6 ቀናት በላይ ሆኖ 3 ቀን ከቆየ ወጥቷል በዪ። ከአልጋ ሳትነሺ፣ ሳትጠጪ፣ ምላስሽ ሥር አድርገሽ ለኪ። ለሱሁር ስትነቂ ያኔውኑ ለኪ፤ ተመልሰሽ ብትተኚ ሁለተኛው እንቅልፍ 3 ሰዓት ስለማይሞላ ልኬቱ አይታመንም። ጉንፋን ወይም ወባ ካለ የዚያን ወር ልኬት ተይው።

ጡት መወጠር፣ ሆድ መነፋት፣ ድርቀት፣ ድካም ያው የፕሮጄስትሮን ሥራ ነው። በአንድ ጎን መውጋቱ እንቁላሉ ሲወጣ የሚሰማ ነው፤ ከጥቂት ሰዓት እስከ 2 ቀን ይቆያል፣ አንዳንዴም ጠብ የሚል ደም ይኖረዋል። ነገር ግን የወር አበባ ቀርቶ በአንድ ጎን ከባድ ሕመም፣ ደም፣ ራስ መሳት ወይም የትከሻ ሕመም ከመጣ ከማህጸን ውጭ እርግዝና ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ።

የሦስት ወር መርፌ ትወስጂ ከነበረ ንገሪኝ፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እንቁላል መውጣቱ እስኪመለስ ብዙ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ስሌቱ ይቀየራል። ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮግራም በየቀኑ ከአሁኑ ጀምሪ። ዕድሜሽ ከ35 በታች ከሆነ ሙከራው 1 ዓመት ሲሞላ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 6 ወር ሲሞላ ሐኪም ዘንድ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ፤ ቀኖቹን የጻፍሽበትን ደብተርም ይዘሽ።