የቦይ ዳሩ የሳይክል ዕቅድ፦ ለጉባኤው ምን እናቅርብ?

ፀሐፊው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ መጨረሻ ላይ ተነሥቶ ሰዓት አጥሮን የተውነውን የማውንቴን ባይክ (የተራራ ሳይክል) ጉዳይ እዚህ እንጨርሰው። ሥራ አስፈጻሚው «በጽሑፍ አምጡት፣ ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርበዋለን» ብሏል። እስከ ሐሙስ ማታ ሐሳባችሁን ጣሉ። ዓርብ አንድ ገጽ አድርጌ አወጣዋለሁ።

መነሻዬ ይኸው። ከእድሩና ከበዓል ድግሱ ውጪ አብረን የምንሠራው ነገር የለም። ልጆቻችን ስልካቸው ላይ፣ እኛ ሥራችን ላይ። ደጃችን ላይ ግን ሲ ኤንድ ኦ (ቼሳፒክና ኦሃዮ) የሚባለው የድሮ የጀልባ ቦይ አለ። ከዋሽንግተን ዲሲዋ ጆርጅታውን ተነሥቶ ሜሪላንድ ውስጥ እስካለችው ከምበርላንድ ድረስ 184.5 ማይል ይሄዳል፤ ወደ 297 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ድሮ በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ ይሄዱበት የነበረው የዳር መንገድ ዛሬ የእግረኛና የሳይክል ነው። መኪና የለ፣ ትራፊክ መብራት የለ።

እኔ ያሰብኩት ከስዌይንስ ሎክ እስከ ራይሊስ ሎክ ሄዶ መመለስ ነው። ሎክ የሚባለው ጀልባውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የቦዩ የውሃ በር ነው። መሄጃው ስድስት ማይል ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ መኪና ማቆሚያ አለ። መሀል ላይ ፔኒፊልድ ሎክ ጋም አለ፤ የደከመው ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ መኪና ይጠብቃል። ፏፏቴው ያለበትን ግሬት ፎልስን ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሕዝብ ይተራመስበታል፣ በመኪና ለሚገባም ክፍያ አለው።

ወጣቱ ከጀርመንታውን፦
እጅህ ይባረክ፣ ግን ልናገር። ቦይ ዳር እኮ ጠፍጣፋ ነው! ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ሙሉውን ብትነዳው ከፍታው የሚጨምረው 605 ጫማ ብቻ ነው። እሱም በ74 ሎኮች ደረጃ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ማውንቴን ባይክ ብለን ተነሥተን ሜዳ ላይ ልንንሸራሸር ነው እንዴ?

እኔ የምለው ሼፈር ፋርምን ነው። እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ሴኔካ ክሪክ ስቴት ፓርክ ውስጥ ነው። አንድ ሳይክል ብቻ የሚያሳልፍ የጫካ መንገድ ነው። የዛፍ ሥር አለው፣ ዳገት አለው፣ ጠመዝማዛ አለው፣ ግን ሰው የሚያስፈራራ አይደለም። ነጭና ቢጫ ምልክት እየተከተሉ መዞር ነው። በ1992 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው ሞር የሚባለው የሳይክለኞች ማኅበር በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ሲንከባከበው የኖረ መንገድ ነው። ቨርጂኒያ ላላችሁ ደግሞ ፋውንቴንሄድ የሚባለው ፓርክ አለላችሁ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር እያለ ይከብዳል። ከአረንጓዴው መጀመር ነው።

የቀድሞው ሊቀመንበር፦
ልጄ፣ ወኔህን ወድጄዋለሁ። እኔ ግን ጉልበቴን ሳላስፈቅድ ቁልቁለት አልወርድም።

ቦዩን አትናቀው። ታሪኩን ለልጆቹ ብንነግራቸው አንድ የትምህርት ቀን ይወጣዋል። ሥራው የተጀመረው ጁላይ 4 ቀን 1828 (እ.ኤ.አ.) ነው። የቢ ኤንድ ኦ (ባልቲሞርና ኦሃዮ) ባቡር ሐዲድም የተጀመረው በዚያው ዕለት ነው። ባቡሩ በ1842 ከምበርላንድ ገባ፤ ቦዩ ገና በ1850 ደረሰ። እንግዲህ ሲወለድ ጀምሮ የተቀደመ ነው። እንደዚያም ሆኖ በ1924 ጎርፍ እስኪያፈራርሰው ድረስ ሠርቷል። በኋላ መንግሥት የመኪና መንገድ ሊያደርገው ሲያስብ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በ1954 ጋዜጠኞችን አስከትለው ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው ሄዱ። በ1971 ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ሆነ። ዛሬ በነፃ የምንነዳበት ለዚያ ነው።

ለልጆቹ ገረመው ደንቦባንም ንገሯቸው። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሎምፒክ ላይ በተሳተፈችበት በ1956፣ ሜልቦርን ላይ በሳይክል የተወዳደረ ሰው ነው። እኛ ቤት ስፖርት ሲባል ሩጫ ብቻ ይመስላቸዋል።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦
ሁላችሁም ነድታችሁ የምታውቁ ናችሁ። እኔ ሳይክል ላይ ተቀምጬ አላውቅም። እኛ ሰፈር ሳይክል የወንድሞቼ ነበር፤ እኔ ከኋላ ካርየሩ ላይ ከተቀመጥኩ ትልቅ ነገር ነው። እንደኔ ያሉ ስንት ሴቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ? አፍረው ዝም ብለው ነው እንጂ። ዕቅዱ ላይ «ከዜሮ መማር» የሚል ከሌለ ይኼ የወንዶች ክበብ ነው፤ ድምፄንም አልሰጥም።

ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው? ይህን ማንም አላነሣም።

ወጣቱ ከጀርመንታውን፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ማስተማሩን እኔ እወስዳለሁ፤ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ሁለቱንም ፔዳል እንፈታለን። ኮርቻውን ዝቅ እናደርግና ሁለት እግርሽ መሬት በደንብ እንዲረግጥ እናደርጋለን። ከዚያ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ የመኪና ማቆሚያ ላይ መሬቱን በእግርሽ እየገፋሽ መሄድ ነው። ከኋላ የሚይዝሽ ሰው የለም። ሰው ሲይዝሽ ሚዛኑን የሚጠብቀው እሱ ነው፣ አንቺ አትማሪም። እግርሽን አንሥተሽ ጥቂት መንሳፈፍ ስትጀምሪ አንዱን ፔዳል እንመልሳለን። ዓይንሽ ግን ጎማው ላይ ሳይሆን ሩቅ ማየት አለበት። ፍሬን መያዝ ከሁሉም በፊት ነው የምናስተምረው፤ የፊቱን ብቻ ጨምድዶ የያዘ ሰው በመሪው ላይ ተፈናጥሮ ነው የሚሄደው።

ፀሐፊው፦
መጸዳጃው ቦዩ ላይ በየመኪና ማቆሚያውና በየድንኳን መትከያው የሚቆመው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ሶፍት ይያዝ። የቧንቧ ውሃ ላይ አትተማመኑ፤ በእጅ የሚነዱት ፓምፖች ክረምት ላይ ይዘጋሉ። እዚህ ክረምት የምለው በረዶውን ነው።

ሹፌሩ ከስካይላይን፦
ቀኑን እንነጋገር፣ ዋናው እሱ ነው። ግማሹ አባል እንደኔ መኪና ይነዳል። ዓርብና ቅዳሜ ማታ የእኛ ገበያ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሬሳ ነን። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት ነው የሚያዋጣው። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ቀምሶ፣ ስምንት ሰዓት ላይ መነሣት። ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለብንም፤ ሰኞ አለ።

ደግሞ ዐቢይ ጾም ውስጥ እንዳትጀምሩት። ሳምንቱን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም የሰነበተ ሰው እሑድ 20 ኪሎ ሜትር ይንዳ ብሎ ማለት ኃጢአት ነው።

አባል ከዊተን፦
ረመዳንንም አብራችሁ ያዙልን። እሱም በየዓመቱ ቀኑ ስለሚንቀሳቀስ ፀሐፊው ሲያወጣ ሁለቱንም ካላንደር ይይ። እሑድ ከሰዓት ለእኛም ይመቻል።

ለሲልቨር ስፕሪንግና ለዊተን ሰዎች ግን ለልምምዱ ዲሲ ያለውን ሮክ ክሪክ ፓርክን አትርሱ። በውስጡ የሚያልፈው የቢች ድራይቭ መንገድ የላይኛው ክፍል በ2020 ለመኪና ተዘግቶ ቀርቷል። በ2022 የፓርኩ አስተዳደር ዓመቱን ሙሉ እንደተዘጋ እንዲቆይ ወስኗል። አስፋልት ነው፣ ሰፊ ነው፣ ልጅ ቢንገዳገድም መኪና አይመጣበትም። ብቻ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሮክ ክሪክ ውስጥ ያሉት የአፈር መንገዶች ለሳይክል ክልክል ናቸው። የጀርመንታውኑ ልጅ ጫካ ባየ ቁጥር እንዳይገባብን።

ወጣቱ ከጀርመንታውን፦
ሃሃ፣ ተመዝግቧል።

ነርሷ፦
እንግዲህ የእኔ ጣጣ። ሄልሜት የሌለው አይሳተፍም፣ ያለ ክርክር። ሜሪላንድ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሕጉም ግዴታ አድርጎታል፤ እኛ ግን ለአዋቂውም እናድርገው። ሁለተኛ መዥገር። ከፀደይ ጀምሮ ቦይ ዳርም ጫካም ሣር ውስጥ አለ፣ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ቁምጣ ለብሳችሁ ሣር ላይ ተዘርግታችሁ ዳቦ መብላት የለም። ማታ ቤት ስትገቡ የልጆቹን ብብት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ የጆሮ ሥር እዩ። የተጣበቀ ካለ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ቅቤና ክብሪት የምትሉ ሰዎች ተዉ፣ አይሠራም።

በሶ ግን ፈቅጃለሁ። በጠርሙስ የተበጠበጠ በሶ ከዚህ አገር የስፖርት መጠጥ በምን ያንሳል?

ገንዘብ ያዥዋ፦
በሶውን ማኅበሩ ይችላል። ሌላውን ተረጋጉ።

ለሁሉም ሰው ሳይክል እንግዛ የሚል ሐሳብ በስልክ ደርሶኛል። አይሆንም። ማስቀመጫ የለንም፣ የተቀመጠ ሳይክል ደግሞ ዝገት ነው። ያለው ሰው የራሱን ያምጣ፣ የሌለው ይከራይ ወይም ይዋስ። ማኅበሩ ለማስተማሪያ ጥቂት ያገለገሉ ሳይክሎችን ይግዛ፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ቁመት ይኑራቸው። ከዚያ አንድ ጥሩ መንፊያ፣ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ የሰንሰለት መፍቻ። በቃ። የምጠይቀው ሌላ ነገር ካለ የኢንሹራንሱ ነው። ሰው ቢሰበር ማን ይጠየቃል? ይህን ሳናውቅ የማኅበሩን ስም የያዘ ማስታወቂያ እንዳይወጣ።

ወጣቱ ከጀርመንታውን፦
አሰብኩበት። ሁለቱን የሚያስታርቅ መላ አለኝ። ሼፈር ፋርም ያለበት ፓርክ ስሙን የወሰደው ከሴኔካ ወንዝ ነው። ይኸው ወንዝ ትልቁ የፖቶማክ ወንዝ ውስጥ የሚገባው ራይሊስ ሎክ ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት ቡድን ይነሣ። አንዱ ከስዌይንስ በቦዩ ዳር ይምጣ፣ ሌላው ሼፈርን ይዙርና በመኪና ራይሊስ ይምጣ፤ ሩቅ አይደለም። እዚያ አብረን እንበላለን። ቀዩ የድንጋይ ድልድይም እዚያው ነው። ጀልባው ወንዙን ይሻገርበት የነበረው የውሃ ድልድይና ሎኩ አንድ ላይ የተሠሩበት ነው፤ አንዱን ቅስት የ1971 ጎርፍ ወስዶታል። ጋሼ ታሪኩን እዚያ ይንገሩልን።

የቀድሞው ሊቀመንበር፦
እዚያማ ደስ ይለኛል። ድንጋዩ ከዚያው አጠገብ የወጣ ነው፤ ዲሲ ናሽናል ሞል ላይ ያለው የስሚዝሶኒያን ካስል የሚባለው ሕንፃም በዚሁ የሴኔካ ቀይ ድንጋይ ነው የተሠራው። ብቻ እኔን ከቦዩ ቡድን መዝግበኝ።

ሹፌሩ ከስካይላይን፦
ዝናብ ቢዘንብስ? እኔ አንድ ቀን በዝናብ ማግስት ቦይ ዳር ሄጄ አይቼዋለሁ። ጭቃው ጎማውና ፓራፋንጎው መሀል ገብቶ ቸርኪዮውን ቀጥ አድርጎ ያዘው። በእንጨት እየፋቅኩ፣ ጥቂት ነድቼ እንደገና እየፋቅኩ ነው የተመለስኩት።

ወጣቱ ከጀርመንታውን፦
ሼፈርማ በእርጥቡ ጨርሶ አይነዳም። ጎማው የሚተወው ዱካ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክርና መንገዱን ያበላሸዋል፤ የሚጠግኑት ደግሞ በነፃ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ዝናብ ከሆነ ሁላችንም ቢች ድራይቭ፣ አስፋልቱ ላይ።

ፀሐፊው፦
እሺ፣ ረቂቁ ይኸው። አንብባችሁ አርሙ።

«ማኅበሩ ከፋሲካ በኋላ የሚጀምር የሳይክል መርሐ ግብር እንዲያቋቁም እንጠይቃለን። ጉዞው በወር አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይሆናል። የጾምና የረመዳን ወቅቶች ታይተው ቀኑ ይወጣል።

«መጀመሪያ ለማያውቁ ሰዎች በተለይም ለሴቶች በመኪና ማቆሚያ ቦታ ትምህርት ይሰጣል፤ ቀጥሎ በቢች ድራይቭ አስፋልት ላይ ልምምድ ይደረጋል። መንዳትና ፍሬን መያዝ የቻለ ወደ ቦዩ ያልፋል፤ ጫካ የሚፈልግ ቦዩን አንድ ጊዜ ከነዳ በኋላ ወደ ሼፈር ፋርም ይሄዳል። ሁለቱ ቡድኖች ራይሊስ ሎክ ላይ ይገናኛሉ።

«በቦዩ ላይ የፓርኩ ደንብ ይከበራል። በአንድ ረድፍ መንዳት፣ በሰዓት ከ15 ማይል አለመብለጥ፣ ለእግረኛ ቅድሚያ መስጠት፣ ሲያልፉ ደወል መደወል፣ በውሃ ድልድዮች ላይ ወርዶ ሳይክሉን መግፋት። ሄልሜት ለሁሉም ግዴታ ነው። ገንዘብ ያዥዋ የዘረዘረችው ዕቃ ይገዛል። ኢንሹራንሱና ለቡድን ጉዞ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ተጣርቶ ይቀርባል።»

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦
«በተለይም ለሴቶች» የሚለው ጥሩ ነው። አስተማሪዎቹ ውስጥ ቢያንስ አንዲት ሴት ትኑር የሚል ጨምርበት። ደግሞ ከአሌክሳንድሪያ ስዌይንስ ሩቅ ነው። ልምምዱ አንዳንዴ እኛ ጋ፣ ማውንት ቨርነን ትሬይል የሚባለው የእግረኛና የሳይክል መንገድ ላይ ይሁን።

አባል ከዊተን፦
መኪና የሌላቸውም አሉ። ሜትሮ ከ2019 ወዲህ በማንኛውም ሰዓት ሳይክል ያስገባል፤ በአሳንሰሩ ብቻ መውጣትና መውረድ ነው። ለልምምዱ ቀን ከጣቢያ አጠገብ ያለ ቦታ ይመረጥ።

ነርሷ፦
ሴት አስተማሪ ካጣችሁ እኔ አለሁ። የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳውን ግን ሌላ ሰው ይሸከም።

ገንዘብ ያዥዋ፦
በወር አንድ የሚለው ይበዛል። ሁለት ወር እንሞክርና ሰው ከመጣ ይቀጥል። ይህ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

ፀሐፊው፦
የሴት አስተማሪዋ፣ የማውንት ቨርነኑና የሜትሮው ገብተዋል። የገንዘብ ያዥዋን «ለሁለት ወር ሙከራ» የሚለውን ግን እኔ ብቻዬን አልወስንም። ሁለት ወር ማለት ሁለት ጉዞ ነው፤ አንዱ በዝናብ ከተሰረዘ አንድ ቀረ። እኔ «እስከ መስከረም» ብዬ አስገብቻለሁ። የምትቃወሙ እስከ ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ጻፉ፣ ዝም ያለ ተስማምቷል።

ገንዘብ ያዥዋ፦
እቃወማለሁ። «እስከ ሰኔ፣ ቢያንስ ሦስት ጉዞ» ካልከው ግን እፈርማለሁ።

ፀሐፊው፦
ገባ።