ወላጅ ልጁን መምታት በሕግ ይከልከል? የሳምንቱ ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ጥያቄያችን ርዕሱ ላይ አለ። መነሻውን ላስቀምጥ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ቤትን ግን አይጠራም። ቤት ውስጥስ ይከልከል ወይስ ለወላጅ ይተው? የተሳደበ ይወጣል፤ ታውቁኛላችሁ።

የሦስት ልጆች አባት፦
ይተው። አባቴ በልምጭ ነው ያሳደገኝ። ያውም ልምጩን ራሴ ቆርጬ እንዳመጣ እያዘዘኝ። ቀጭን ካመጣሁ ይመልሰኛል። ዛሬ ሱቅ አለኝ፣ ቤት አለኝ፣ የማንም ብር የለብኝም። እኔም እመታለሁ። በየቀኑ አይደለም፣ በየወሩም አይደለም፣ ጥፋቱ ከልክ ሲያልፍ ብቻ። የዛሬ ሁለት ዓመት ትልቁ ልጄ ቴሌቪዥኑን በኳስ ስንጥቅጥቅ አደረገው። ገና ዕዳው አላለቀም ነበር። በቀበቶ ሁለቴ አቀመስኩት። ከዚያ ወዲህ ሳሎን ውስጥ ኳስ የሚባል ነገር የለም። ይሄ ምን ጥናት ይፈልጋል? መንግሥትስ ጓዳዬ ውስጥ ምን አገባው?

ዝምተኛዋ፦
«ተመትቼ ነው ሰው የሆንኩት» የሚል ሰው ሁሌ ይገርመኛል። ተመትተው ሰው ያልሆኑት እዚህ ገብተው አይጽፉማ።

የሶሻል ወርክ ተማሪ፦
ጥናት ምን ያደርጋል ለተባለው። ያንግ ላይቭስ የሚባል ጥናት አለ። በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ያሉ ልጆችን ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያደጉ ሲሄዱ እየተከተለ ይጠይቃል። እኛ አገር 3,000 ልጆች ናቸው፣ ከ20 ቦታ። 8 ዓመት ሲሆናቸው «ባለፈው ሳምንት መምህር መቷችኋል?» ተባሉ። ከኢትዮጵያ ልጆች 38 በመቶው አዎ አሉ። ሌላ ልጅ ሲመታ ያዩት ደግሞ ወደ ሦስት አራተኛ ይጠጋሉ። ልብ በሉ፣ ይህ ሕገ መንግሥቱ በግልጽ የከለከለው ቦታ ነው።

ስለ ቤት ከሆነ፣ ኤሊዛቤት ገርሾፍና አንድሩ ግሮገን ኬይለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2016 እ.ኤ.አ. 75 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው አዩ። ከ160,000 በላይ ልጆች ናቸው። ያዩት ዱላና ቀበቶ አይደለም፤ በመዳፍ ቸብ ማድረግን ብቻ ነው። እሱ እንኳ ከጠበኝነት፣ ከጭንቀት፣ ከወላጅ ጋር ከመቃቃር ጋር አብሮ ሲሄድ አገኙት። ልጅን ሲያርም አላገኙትም።

የሦስት ልጆች አባት፦
«አብሮ ይሄዳል» ማለት «ያመጣል» ማለት ነው እንዴ? አስቸጋሪ ልጅ እኮ ነው ብዙ የሚመታው። ሐኪም ቤት የሚመላለስ ሰው ከሌላው ይልቅ በሽተኛ ነው። ታዲያ ሐኪሙ ነው ያሳመመው?

የሶሻል ወርክ ተማሪ፦
ጥሩ ይዘሃል። ተመራማሪዎቹም እርስ በርስ የሚነታረኩት እዚህ ላይ ነው። ሮበርት ላርዘሌር የሚባለው ምሁር ይህንኑ ሲል ነው የኖረው። ለዚህ ነው ልጁን ለዓመታት የሚከተል ጥናት የሚፈለገው። መጀመሪያ የነበረውን ባሕርይ ይዘው ኋላ የመጣውን ያያሉ። ያኔ ግንኙነቱ ይሳሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይጠፋም።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ጥናቱ የፈረንጅ ነው። የፈረንጅ ልጅ ሲመታ በዓለም ላይ እሱ ብቻ የተመታ ይመስለዋል። የእኛ ልጅ ግን ጎረቤቱም እንደሚቀምስ ያውቃል፣ ስለዚህ አይቀየምም። በእኛ ጊዜ የሚቀጣው የሰፈር ሰው ሁሉ ነበር። አንዴ ዛፍ ላይ ሆኜ ስሳደብ አንዲት ጎረቤታችን አውርደው ገረፉኝና ለእናቴ አስረከቡኝ። እናቴ አመስግና ሸኘቻቸውና እንደገና ጀመረችኝ።

የሶሻል ወርክ ተማሪ፦
ጋሼ፣ በሳቅ ገደሉኝ። ግን ያሉት ነገር ተጠንቷል። በ2005 እ.ኤ.አ. ጄኒፈር ላንስፎርድና ባልደረቦቿ በቻይና፣ በሕንድ፣ በጣሊያን፣ በኬንያ፣ በፊሊፒንስና በታይላንድ እናቶችንና ልጆችን ጠይቀዋል። ግማሹ እርስዎ እንዳሉት ነው። መምታት በተለመደበት አገር ጉዳቱ ቀለል ይላል። ግን በለመደውም አገር ቢሆን ብዙ የሚመታ ልጅ ይበልጥ ይጨነቃል፣ ይበልጥም ይማታል። ኬንያ ደግሞ ፈረንጅ አገር አይደለችም፣ ጋሼ።

ጡረተኛው፦
እሺ፣ ኬንያን ተቀብያለሁ።

ጠበቃዋ፦
ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለልጁ አሳዳሪ፣ ማለትም ለወላጁ ወይም በወላጅ ፋንታ ለሚያሳድገው፣ ቀላል የአካል ቅጣት ይፈቅድ ነበር። በዚያው ሕግ አንቀጽ 2039 ላይ ደግሞ ልጁን፣ ተማሪውን ወይም አገልጋዩን በልክ የመታ ሰው ጥፋተኛ አይባልም። አዎ፣ አገልጋዩን። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የመምታቱን ቃል አወጣና አሳዳሪው ልጁን ለማነጽ የሚያስፈልገውን እርምጃ ሊወስድ ይችላል ብሎ አለፈው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅ የሚያንገላታን ይቀጣል፤ ነገር ግን ወላጅ ለአስተዳደግ ብሎ ሕግን የማይቃረን እርምጃ ቢወስድ አያስቀጣውም።

የማይቃረነው የቱ ነው? ቁንጥጫ? ቀበቶ? በርበሬ ማጠን? በርበሬውን ማንም ዳኛ አያልፈውም ብዬ አምናለሁ። መሃሉ ግን ጭጋግ ነው። እኔ ይከልከል የምለው አባት ታስሮ ልጅ ያለ አሳዳጊ እንዲቀር አይደለም። መስመሩ የት እንዳለ እንዲታወቅ ነው። አሁን ሁሉም በራሱ ክንድ እየለካ ነው።

ከጎተንበርግ፦
እዚህ ስዊድን ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው። ስዊድን በ1979 እ.ኤ.አ. ከዓለም ቀድማ ከለከለች። ክልከላው የገባው በወላጆች ሕግ ውስጥ ነው፤ ራሱን የቻለ ቅጣት የለውም። ያኔ ሰው እንዲሰማ ብለው በወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር አትመውታል። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ «ልጅሽ ፖሊስ ትጠራብሻለች» ይሉኛል። ጠርታ አታውቅም። የከበደኝ ሌላ ነው። የማውቀውን መንገድ ተከለከልኩ፣ በምትኩ ምን እንደማደርግ ግን ማንም በሚገባኝ ቋንቋ አልነገረኝም። እና ሁለት ዓመት ያህል ዝም አልኩ። ልጄ ስታጠፋ ፊቴን አዙሬ ሳህን ማጠብ ነው። በኋላ ስትነግረኝ ከዝምታው ቁንጥጫው ይሻለኝ ነበር አለችኝ። ይከልከል ባይ ነኝ። ግን ከልክሎ መሄድ ብቻ ከሆነ እናቱን ሜዳ ላይ መጣል ነው።

የ4ኛ ክፍል መምህር፦
ይህን ማንበብ ከጀመርኩ እጄን እያሻሸሁ ነው። 70 ተማሪ አለኝ። መምታት መከልከሉን አውቃለሁ፣ ግን ጎማ ነበረኝ። ከውሃ ቱቦ የተቆረጠች፣ አንድ ክንድ የምታህል። ወላጅ እኮ ልጁን ይዞ መጥቶ «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ» ብሎ የሚሄድ ነው። አንድ ቀን የ7 ብዜትን ጠየቅኩት፣ ልጁ ዝም አለ። መታሁት። ሲቀመጥ ደብተሩ ላይ መልሱን ጽፎት አየሁ። ያውቀዋል። ጎማዋን ስላየ ነው አፉ የተያዘው። ጎማዋን ያኔውኑ ጣልኩ ብል እዋሻለሁ፤ አንድ ዓመት ያህል መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች። ከተውኩ በኋላ የመጀመሪያው ወር ክፍሉ ገበያ ሆነ። አሁን ሲንጫጩ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ የፊተኞቹ የኋለኞቹን ዝም ያሰኙልኛል። ሁሌ አይሠራም። ዓርብ ከሰዓት ጨርሶ አይሠራም።

የመንትዮች እናት፦
እስካሁን ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ልጅ ጥፋት ነው። እኔ ግን አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ መቼ መቼ እንደምመታ አሰብኩ። ሲያጠፉ አይደለም፣ ሲደክመኝ ነው። ሊጡ ተዘጋጅቶ፣ ሦስት እንጀራ ጋግሬ መብራት ሲሄድ። ምጣዱ እየቀዘቀዘ፣ ቡሃቃው አፍጥጦብኝ። ያኔ ልጅ «እማዬ» ካለ እንኳ ይበቃል። ያንኑ ጥፋት እሁድ ጠዋት ቢያጠፉት እስቃለሁ። ታዲያ የቀጣሁት ማንን ነው? መብራት ኃይልን እንዳልመታው አልደርስበትም።

ዝምተኛዋ፦
እዚህ ቡድን ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ እውነተኛው ይሄ ነው።

የሦስት ልጆች አባት፦
እሺ፣ ይህን ልጽፍ አልፈለግኩም ነበር። ትናንት ማታ ክርክሩን እያነበብኩ ልጄን ጠራሁትና «ስለ ቴሌቪዥኑ የመታሁህ ትዝ ይልሃል?» አልኩት። 13 ዓመቱ ነው። «አዎ» አለ። «ለምን እንደሆነስ?» «ኳስ ቴሌቪዥኑን መታው።» አያችሁ፣ ምክንያቱን አልረሳም፣ ልጽፍላችሁ ስልኬን አነሳሁ። ከዚያ «ግን የመታሁት እኔ አልነበርኩም» አለኝ። እህቱ ናት። ያኔ 6 ዓመቷ ነበር። እሱ ሽንት ቤት ነበር፣ ወጥቶ ኳሱን ሲያነሳ ደረስኩ።

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። «ጠየቅከኝ እንዴ?» አለኝ።

አሁንም መንግሥት ጓዳዬ ይግባ አልልም። ድምፄ «አይከልከል» ነው፣ አወያይ መዝግብልኝ።

ጡረተኛው፦
ልጅቷስ ምን አለች?

የሦስት ልጆች አባት፦
አልጋ ላይ ሆና ትሰማ ነበር መሰለኝ። ብርድ ልብሱ ተንቀጠቀጠ። ስገልጠው እየሳቀች ነው።